ጥያቄውን ይተዉት

«ታሪኩን ይንገሯቸው፤ ጥያቄውን ግን ይተዉት» ይለኛል አስተባባሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መድረኩ ጀርባ ቆመናል። ከመጋረጃው ማዶ የሀብታም አገሮች መሪዎች ከነሚኒስትሮቻቸው ተቀምጠዋል።

ታሪኩ የታናሽ እህቴ ነው። ወልዳ ደም አልቆም ሲላት አዋላጇ ሆዷን በጡጫዋ ጫን ብላ ይዛ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ትላት ነበር። ሌላ በእጇ ምንም አልነበረማ። ደሙን የሚያቆመው መድኃኒት እነዚህ ሰዎች አገር ሞልቷል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ዋጋው አይቀመስም፤ የማምረት መብቱም በእነሱ እጅ ነው። ጥያቄው ደግሞ አጭር ነው፤ መድኃኒቱን ራሳችን እንድናመርት ፍቀዱልን። የሴቶች ማኅበራችን ወክሎ የላከኝ ለዚህ ነው።

«ለምን እተወዋለሁ?»

«ሰዎቹ ቅር ይላቸዋል። እህትዎን ሲያነሱ ግን የማይነካ ልብ የለም።»

«እና ላስለቅስ ነው የመጣሁት?»

«ኧረ እህቴ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም!»

እህቴ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። እናቴ ስትሸኘኝ «እንባ ይዘሽላቸው እንዳትሄጂ» ብላኛለች። «እንባማ በነጻ ነው፤ እሱን ብቻ ተቀብለው ይሸኙሻል።»

እጠራለሁ። እወጣለሁ። ካሜራው ፊቴ ድረስ ይጠጋል፣ ዓይኔ እርጥብ መሆኑን ሊያይ።

እህቴን አላነሳትም። ከምሳ በፊት ሆድ ማባቢያ እንድትሆን አልሰጣቸውም።

«መድኃኒቱን ራሳችን እናምርት» እላለሁ። «የምትከለክሉን እናንተ ናችሁ፤ ሁላችሁም እዚሁ አላችሁ። ትፈቅዳላችሁ ወይስ አትፈቅዱም? የምፈልገው የአንድ ቃል መልስ ነው።»

አንዱ ስልኩን ይነካካል። ሌላው ጣራ ጣራውን ያያል። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ይጠርግና ፊቱ ከተቀመጠለት ወረቀት ላይ ያነባል፦

«ስለ ሟች እህትዎ ላካፈሉን ልብ የሚነካ ታሪክ እጅግ እናመሰግናለን።»

ጭብጨባው ይቀልጣል።

መልሼ ወደ ማይክሮፎኑ እጠጋለሁ። «ስለ እህቴ ትንፍሽ አላልኩም!» ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ከንዴት ነው።

ቋንቋዬን የሚሰሙት ጥቂቶች ወዲያው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሌሎቹ አስተርጓሚው በጆሮ ማዳመጫው ሲያደርሳቸው አንድ በአንድ ያቆማሉ። በመጨረሻ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻ ይቀራሉ። ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በፈገግታ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ብቻቸውን ያጨበጭባሉ።