የዛሬው ክኒን

አጎቷ የመድኃኒቷን ብልቃጥ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ወረወረና ቀበቶውን ፈትቶ መጣባት። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እርግዝናዋ ስድስት ወር ሆኖታል። ሆዷን በክንዶቿ አቅፋ ጀርባዋን ሰጠችው።

"ጋሼ፣ በማርያም! ለልጄ ነው የምውጠው፤ ካቋረጥኩ እሱንም ይይዘዋል!"

"ቤቴ ውስጥ ኤድስ ልታራቢ ነው?"

ሚስቱ አስካለ በሩ ላይ ቆማ፣ "ምን ትለማመጣታለህ? ድገማት! እኔ እንደሆን ብርጭቆ መለየት ሰልችቶኛል!" አለች።

የቀበቶው ዘለበት የልጅቷን ቅንድብ ሰነጠቀው። አጎቷ ደሟ እየወረደ ጎትቶ ጓዳ ቆለፈባትና ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ።

ስልኳን ጡት መያዣዋ ውስጥ ደብቃው ነበር። ቫይረሱ ያለባቸው እናቶችና ነፍሰ ጡሮች ስማቸውን ሳይናገሩ የሚመካከሩበትን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። አምስት ወር ሙሉ "አይዞሽ" ስትላት ለኖረችው፣ "እህትሽ" ለምትባለው ሴት ጻፈችላት።

"አጎቴ መድኃኒቴን ጉድጓድ ጣለብኝ፤ ጓዳ ቆልፎብኛል። የምውጥበት ሰዓት እያለፈ ነው።"

ከውጭ ይሰማ የነበረው የአስካለ ስድብ ድንገት ተቋረጠ። ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ።

"አታልቅሺ። ከኋላሽ፣ ከሽሮው ጣሳ ስር የእኔ አለ፤ ያንቺው ዓይነት ነው። ቀስ ብለሽ አንሺው፣ እንዳይሰማ።"