ስብከቱ ሲተረጎም

«አባ፣ ስለ ዝሙት ይስበኩልን፤ ያሳደጉትን ልጅ ስለሚደፍሩም» አለቻቸው ሴትየዋ።

አባ ሐጎስ አቀረቀሩ። «ሕዝቡ ይህን በቅዳሴ መሃል ለመስማት ያፍራል፣ ልጄ።»

«እርስዎ ካልተናገሩ ማን ይናገራል?»

ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ፍሬነሽ በዚያ ሰሞን አርግዛ ወደ እናቷ ተመልሳለች። ከመሄዷ በፊት ፅንሱ የማን እንደሆነ ለአክስቷ ነግራታለች። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ አላለቀሰችም። ውስጧ ደንዝዟል፤ የምትበላው እንኳ አይጣፍጣትም፣ አይመርራትም።

እሑድ አባ ሰበኩ። የትግራይ ሰው ናቸውና ጉራጊኛ አይችሉም፤ እንደ ወትሮው ካቴኪስቱ፣ ሕዝቡን ሃይማኖት የሚያስተምረው ሰው፣ አጠገባቸው ቆሞ ይተረጉማል።

«በእጁ ያሳደጋትን ልጅ የደፈረ ሰው እግዚአብሔር ፊት ይጠየቅበታል» አሉ በአማርኛ።

ካቴኪስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ራሷን ያልጠበቀች ልጅ ያሳደጋትን ቤት ታዋርዳለች» ሲል በጉራጊኛ ተናገረ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባም ቃላቸው የደረሰ መስሏቸው ሊቀጥሉ ሲሉ ሴትየዋ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። እሳቸው ያሉትን በጉራጊኛ ቃል በቃል ተናገረችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

አባ ግራ ገብቷቸው ወደ ካቴኪስቱ ዞሩ።

«ምን እያለች ነው ባለቤትህ?»