ጥሬ እንቁላል

ቆቋ ከደረቁ ሣር ውስጥ ፍርር ብላ ስትነሳ ውሻው ታከር አልተከተላትም፤ እንደተማረው ቁጭ ብሎ በዓይኑ ብቻ ሸኛት። ጠመንጃው ጮኸ። ቆቋ ዳገቱ ላይ ወደቀች።

"አምጣ!" አለችው ማርሊስ፤ ከዚያ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ ከታ ጠበቀች።

አምና በዚሁ የዳኮታ ሜዳ በተደረገው የአዳኝ ውሾች ፈተና፣ ታከር አጥብቆ ነክሶ ያመጣት ቆቅ የጎድን አጥንቷ ደቆ ተገኘ። "ዓመል ያወጣል ከመሃል" ብለው ሽማግሌው ዳኛ አሰናበቱት። ማርሊስ ግን እምቢ አለች። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሳይነክስ መያዝ እንዲለምድ ጥሬ እንቁላል በአፉ አስያዘችው፤ ሲሰብር ሌላ፣ እሱንም ሲሰብር ሌላ። ዳኛው ይህን ሰምተው፣ "ጠብሰሽ ብትበዪው ይሻልሽ ነበር" ብለው አሹፈውባታል።

ታከር ጆሮውን እያርገበገበ ከሣሩ ብቅ አለና ቆቋን እጇ ላይ አኖረላት። ማርሊስ ቆቋን ሳታያት ለዳኛው አቀበለች። እሳቸውም ላባዋን ገልጠው አጥንቷን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። ያን ሁሉ ጊዜ የማርሊስ ፊሽካ ከአፏ አልወጣም።

"አንድም የተሰበረ የለም" አሉ ዳኛው። "አልፏል!"

ማርሊስ በደስታ ፊሽካዋን ነፋች፤ አልጮኸም። መዳፏ ላይ ተፍታ ብታየው ጥርሷ ሰንጥቆታል።

ዳኛው ፊሽካውን አዩ፣ ታከርንም አዩ።

"የእሱስ አፍ ለስልሷል" አሉ። "እንቁላል የተረፈሽ እንደሆነ፣ በይ አሁን ደግሞ አንቺ ያዢ።"