ሄኒ ምንም እንዳትረሳ

ሰው ውጭ አገር ሲሄድ የሚረሳው ትልልቁን ነገር አይደለም። ፓስፖርቱንማ ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚያድረው። የሚረሳው የቻርጀር መሰኪያውን፣ የሐኪም ወረቀቱን፣ ጥፍር መቁረጫውን ነው። ጀማነሽ ይህን ስለምታውቅ ታናሽ እህቷ ሄኒ ለሁለት ዓመት ሥራ ወደ ጀርመን ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ሻንጣው አጠገብ ተቀመጠች።

የካዛንቺስ ጎረቤቶቻቸው እንዲህ ያለች እህት ከየት ይገኛል አሉ። የልቧን ቢያውቁ ኖሮ አማትበው ይወጡ ነበር።

ጀማነሽ ሄኒን ትጠላታለች። እናታቸውን አሥራ አንድ ዓመት ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ በማንኪያ ያጎረሰችው እሷ ናት። ኑዛዜው ሲነበብ ግን የሚኖሩበት ቤት ለሄኒ ሆነ። ጀማነሽ ጎተራ በዕጣ የደረሳት ኮንዶሚኒየም አላት፣ ሄኒ ግን ምንም የላትም ብለው ነበር እናትየው። ጀማነሽ በቀብሩ ቀን ካለቀሰችው ይልቅ ያን ቀን ያለቀሰችው ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ የሆዷን በሆዷ ይዛ አራት ዓመት ከእህቷ ጋር በአንድ ገበታ በላች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ትላለች ለራሷ፣ ሽንኩርት ስትከትፍም ቤተ ክርስቲያን ስትሳለምም።

ሄኒ ቂም የምታውቅ አትመስልም። ድሮ ወልደአማኑኤል ከሚባል ልጅ ጋር ቀለበት አስራ ሳለች፣ ጀማነሽ ለልጁ ቤተሰብ አንድ ነገር ሹክ ብላ ሠርጉ ቀርቷል። ሄኒ ስለዚያ ጉዳይ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም፤ ጀማነሽም ነገሩን ከረሳችው ቆይታለች።

ደብተሩ ላይ መሰኪያ ተጻፈ፣ የቢጫ ወባ ካርድ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ መርፌና ክር። ሰኞ ጠዋት ጀማነሽ እስክሪብቶዋን ድንገት አነሳች።

«ዋናውን ረስተናል እኮ» አለች። «ውክልና። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤቱን ነገር ማን ሊከታተልልሽ ነው?»

ሄኒ ግንባሯን በመዳፏ መታች። እትዬ ባትኖር ምን ይውጣት እንደነበር ተናገረች።

ጀማነሽ ያንኑ ቀን ላንቻ ወርዳ ውክልናውን አስጻፈች። ከጸሐፊው አጠገብ ቆማ ቃል በቃል ነገረችው። ውሃና መብራት መክፈል የሚለውን ከላይ አስቀደመች፤ መሸጥ፣ መለወጥና ስም ማዛወር የሚለውን ከታች አስገባች። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ገዢ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ሄኒ ጀርመን ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቤት አልባ ትሆናለች። ይህን ስታስብ ደስ አላት፣ ደስታዋም አላሳፈራትም።

ማታ ሄኒ ረቂቁን ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያም ሳቀች። ወረቀቱ ላይ ሄኒ ተብሎ ተጽፏል፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን ሄለን ነው። ለማስተካከል የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ስለሆነ ጠዋት እኔው አሠራዋለሁ አለች። ማክሰኞ በማለዳ፣ የምትይዘውንም ሰነድ በዚያው ኮፒ ላድርግ ብላ፣ ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን የሁለቱም ሰነድ ያለበትን ፌስታል እንዳለ ይዛ ወጣች።

ረፋዱ ላይ ወደ ውል ማዋዋያው ቢሮ ሲሄዱ የጀማነሽ መነጽር ጠፋ። ሄኒ ከልብስ ጋር ተጠቅልሎ ሻንጣ ገብቶ ይሆናል አለች። ጀማነሽ አልተጨነቀችም፤ ወረቀቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ቢሮው ውስጥ መጀመሪያ የተጠራው የእሷ ስም ነበር። ሄኒ ተወካይም ይፈርማል ብላ ስለነገረቻት መታወቂያዋን ይዛ ቀረበች።

«አንብበው ተረድተውታል?» አለች ሠራተኛዋ።

«እኔው ነኝ ያስጻፍኩት።»

«መሸጥና መለወጥንም ይጨምራል። በፈቃድዎ ነው?»

«እሱን አስቤበታለሁ፤ በሙሉ ፈቃዴ ነው» አለች ጀማነሽ፣ ፈገግታዋን መቆጣጠር እያቃታት። ፈረመች፣ አሻራዋንም ሰጠች። ሄኒ በሌላ መስኮት የቀረውን ጨርሳ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በፖስታ አድርጋ አንዱን ቅጂ ሰጠቻት። ጀማነሽ ፖስታውን ፍራሽ ሥር አስገባችው። መነጽሯም ማታውኑ ከካልሲ ውስጥ ተገኘ።

ሐሙስ ዕለት ሄኒ መሰኪያውን ልግዛ ብላ ወጥታ ግማሽ ቀን ቆየች። ጀማነሽ ወሎ ሰፈር ብትሄድ በአሥር ደቂቃ ታገኝ እንደነበር ነግራት ተቆጣቻት። ለወጉ ያህል ነው የተቆጣችው።

ቅዳሜ ኤርፖርት ተሸኛኙ።

«ምንም የረሳሽው የለም?» አለች ጀማነሽ።

«ምንም አልረሳሁም እትዬ» አለች ሄኒ። አቅፋት ብዙ ቆየች።

ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ተረት ጀማነሽ ላይ የሚሠራ አይመስልም ነበር። እሁድ ቅዳሴ አስቀደሰች፣ ረጋ ብላ ጸለየች፣ ሰላም ያለው እንቅልፍ ተኛች። ሰኞ በጠዋት ገዢውን ይዛ፣ ፖስታውን በቦርሳዋ አድርጋ ቢሮው ሳይከፈት ደረሰች።

ያችው ሠራተኛ ወረቀቱን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ተመልሳ ወረቀቱን አየች።

«ተወካይዋስ?» አለች።

«ተወካይዋ እኔ ነኝ» አለች ጀማነሽ።

«የለም፣ እርስዎ ወካይ ነዎት፤ ውክልናውን የሰጡት እርስዎ ነዎት። ተወካይዎ እህትዎ ደግሞ የጎተራውን ቤትዎን ሐሙስ ዕለት እዚሁ ቀርበው ሸጠውታል።»