በአንድ ዓይን

ተናኘወርቅ ወረቀቱን ከሳፊያ እጅ መንጭቃ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ልጇ በሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ሥላታለች። ነጠላዋም፣ የአንገቷ ንቅሳትም ሳይቀር አለ። ዓይኗ ግን አንድ ብቻ ነው።

«ይሄን ማን አስተማራት?»

«ማንም፣ እትዬ። እኔ ከለር ብቻ ነው የሰጠኋት፣ ወላሂ!»

ተናኘወርቅ አላመነቻትም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያያሉ፤ ይሁዳና ጌታን የገረፉት ወታደሮች ግን በጎን ናቸው፣ ዓይናቸውም አንድ። ልጇ ለተማርያም ገና በአፏ ስትኮላተፍ «ይሄ ደግ፣ ይሄ ክፉ» እያለች በጣቷ ትለያቸው ነበር። ያስተማረቻት ራሷ ተናኘወርቅ ናት።

ይህች ሳፊያ የሚሏት ልጅ ድሮም አላማረቻትም። ከሰዓት በኋላ ከች ትላለች፣ የታመሙትን ሕፃናት ሥዕል ታሥላለች፣ ከዚያ ወረቀቱን ሰብስባ ውልቅ። ምን ልታደርግበት? ሐኪሙማ «ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ያወጡበታል» ብሏል። የልጇ ሆድ ውስጥ ያለው ይሄ ከሆነስ? አከርካሪዋን ነቀርሳ ሲበላት ከአገሯ ከፈላና በር አዝላ ያመጣቻት፣ ለሐኪም አሳልፋ ሰጥታ ከአገጯ እስከ ዳሌዋ በጀሶ ያስገነዘቻት እናቷ ክፉ ሆናባት ይሆን?  ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

«ልቱዬ» አለች፣ ሳፊያን ከዓይኗ ሳታወጣ። «ጠላሽኝ እንዴ?»

«ኧረ!»

«ታዲያ ሁለተኛው ዓይኔስ?»

ለተማርያም አንገቷን ማዞር አትችልም፤ በጀርባዋ ተንጋላ ጣራውን እያየች ነው የምትናገረው፣ እናቷንም በዓይኗ ጥግ ነው የምታያት።

«አይታየኝማ፣ እማዬ። እሷ መጣች አልመጣች እያልሽ ሁሌ በሩን ነው የምታዪው።»

ተናኘወርቅ የተቀመጠችበትን አስተዋለች። ወንበሯ እውነትም ወደ በሩ ዞሮ ነበር። እሷ ሌባ ስትጠብቅ ልጇ ጉንጯን ብቻ እያየች ሰንብታለች። 

ተነሥታ ወንበሩን አዞረችው። ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ በልጇ ፊት ላይ ጎንበስ አለች።

«በይ፣ አሁን ሣዪኝ።»

ከኋላዋ የወረቀት መንኮሻኮሽ ሰማች፤ ሳፊያ እየሰበሰበች ነው። የተናኘወርቅ አንገት ሊዞር ቃጣው።

«አትነቃነቂ!» አለች ለተማርያም፣ ቡናማውን ከለር እያነሣች።

አልተነቃነቀችም።