ሦስት ሳንቲሜትር

መካኒኩ ተራ የመንገድ ሞተር ሳይክል ገዝቶ፣ መብራቱንና መስታወቱን ነቅሎ ለውድድር የሠራው ለታናሽ ወንድሙ ነበር። የኋላውን ሞላ እንኳ በወንድሙ ክብደት ነበር የሚያስተካክለው። ከጎማው መሐል እስከ ኮርቻው፣ ባዶውን ስልሳ ሳንቲሜትር፤ ወንድሙ ሲቀመጥበት ሃምሳ ሰባት። እናታቸው መሪውን ይዛ ታቆምላቸውና፣ "ውረድ እንግዲህ፣ እጄ ዛለ" እያለች ታሳስቃቸው ነበር።

ወንድሙ በውድድር ላይ ወድቆ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። መካኒኩ ሞተሩን ጠግኖ ገዢ አገኘለት። ዛሬ ጠዋት እናቱን መሪውን አስይዞ ባዶውን ለካ።

ሃምሳ ሰባት።

ሜትሩን አጣምሜ ይሆናል ብሎ ደገመው። ያው ነው። ሞላው ደክሞ ነው እንዳይል፣ ትናንት ነው አዲስ የቀየረው።

"ስንት መጣ?" አለችው እናቱ።

"ሃምሳ ሰባት" አለ ቀና ሳይል።

ቁጥሩን እሷም በቃሏ ታውቀዋለች። መሪውን እንደያዘች ወደ ባዶው ኮርቻ ዞራ፣

"በቃ ልጄ፣ ውረድ፤ እጄ ዛለ" አለች።

ሜትሩ ገና በመካኒኩ እጅ ነበር። ኮርቻው ቀስ ብሎ ተነሣና ስልሳ ላይ ቆመ።