ከጓዳው በር ጀርባ

ደላላው ቤቱን ለልብስ ሰፊዋና ለባሏ ባሳያቸው ቀን የቀድሞዋን ተከራይ አመስግኖ አልጠገበም።

«ከእናንተ በፊት የነበረችው ሴትዮ እኮ ቤት አያያዟ ልዩ ነበር! ይሄ መስኮት ሁልጊዜ እንዳብረቀረቀ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። አይታት የማታውቃት ሴት ገና ከደጃፉ ቀድማት ገብታለች። ይባስ ብሎ ባሏ ወደ ጨለማው ጓዳ ሲገባ እጁን ከበሩ ጀርባ ሰደደና ሳያይ መብራቱን አበራው።

«ማብሪያው እዚያ መሆኑን በምን አወቅክ?» አለችው።

«ገመትኩ» ብሎ ሳቀ።

ቤቱን ተከራዩት። እሷን ግን ቅናት እንቅልፍ ነሳት። ያቺ ሴትዮ እዚህ መስኮት ጋ ቆማ ስንቴ ስቃለት ይሆን? እያለች መስታወቱን ጠዋት ማታ ትወለውላለች። ባሏ እንደሆነ «ጎበዝ» ብሏት አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች በሩ ተከፈተ። ደላላው ነው።

«ከእናንተ በፊት የነበረችው ልብስ ሰፊ ናት» ይላል። «መስኮቱን አያችሁልኝ? ቤት አያያዟ ልዩ ነበር!»

«ምን ነካህ ሰውዬ? እዚሁ ተቀምጬ!» ብላ ጮኸች። ዞር ብሎ ያያት የለም።

ከደላላው ኋላ ባሏ ገባ። ክንዱን የያዘችው ወጣት ፊቷን አጥቁራለች። ባልየው በልብስ ሰፊዋ አጠገብ አልፎ እጁን ከጓዳው በር ጀርባ ሰደደና ሳያይ መብራቱን አበራው።

«ማብሪያው እዚያ መሆኑን በምን አወቅክ?» አለችው ወጣቷ።